የአባቴ ይግባኝ

አባቴ ጋሽ ገላውን ከእኔ አብልጦ እንደሚወዳቸው ያረጋገጥሁት በሰባት ዓመቴ ነው። ማስረጃዬ ጠንካራ ነበር። በየማለዳው ቆሞ ሲጸልይ ከአፉ የሚወጣው የሰው ስም የእሳቸው ብቻ ነው። የእናቴን የይርጋነሽን ስም አያነሣም። የእኔን የትርሲትንም አያነሣም። ኩፍኝ ይዞኝ አንድ ሳምንት ሙሉ በተኛሁ ጊዜ እንኳ፣ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ «አሁንስ ይጠራኛል» እያልሁ ጆሮዬን አቁሜ ብጠብቅ፣ ገላው ብሎ ጀምሮ ገላው ብሎ ጨረሰ። የዚያን ቀን አለቀስሁ። እናቴ ኩፍኙ ያስለቀሰኝ መስሏት ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችልኝ።

ዘመኑ 1986 ዓ.ም.፣ አገሩ ቢቸና ነው። አባቴ አስናቀው ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በላስቲክ ዳስ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለው፤ አንዱ የእሱ፣ ሌላው የባለጉዳይ። ጽሕፈቱ ያማረ፣ አገላለጹ ዳኛ የሚያስለቅስ ነው እየተባለ ከየጁቤ ድረስ ሰው ይመጣለት ነበር። በዚያ ላይ የሃይማኖት ሰው ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ መጾሙንም የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በጾም ቀን ሰላምታ ሲሰጥ ድምፁ ይደክማላ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ግንባሩ ከመቃኑ ጋር ሲጋጭ ከሴቶች በር ወዲያ ይሰማል።

ሲጸልይም ከሥራው ቋንቋ አይወጣም። ጋቢውን አደግድጎ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል። የጋሽ ገላው ቤትም በምሥራቅ በኩል ነበር። ሁለቱን ግቢዎች የሚለያቸው የቅንጭብ አጥር ብቻ ሲሆን፣ አባቴ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጸለይ አይሆንለትም።

«ይግባኝ ባይ፣ ባሪያህ አስናቀው። መልስ ሰጪ፣ ገላው የተባለው አናጢ። ጉዳዩን አንተው ታውቀዋለህ። ጌታ ሆይ፣ ገላውን ከወጣበት አውርደው። አዝለው። ቤቱን ወና አድርገው። አሜን።»

ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በገባኝ መንገድም ፈትቼዋለሁ። ጋሽ ገላው አናጢ ስለሆኑ ሁልጊዜ ጣራ ላይ ናቸው፤ እንግዲህ አባቴ በደኅና እንዲወርዱ ይለምንላቸዋል። ከወረዱ በኋላ ደግሞ በእግራቸው እንዳይደክሙ እግዚአብሔር በጀርባው እንዲያዝላቸው ይጠይቅላቸዋል። እኔን ከአራት ዓመቴ ወዲህ ያዘለኝ ሰው የለም። «ወና» የሚለው ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። የእኛ ቤት ቆርቆሮ፣ የእሳቸው ግን ሣር ክዳን ስለሆነ፣ ወና ማለት ከቆርቆሮ የሚበልጥ የሀብታም ክዳን ነው ብዬ ደመደምሁ። ከሁሉ ያስቀናኝ ግን መልስ ሰጪ መባላቸው ነው። እግዚአብሔር ሲጠይቅ የሚመልሱለት ሰው ናቸው ማለት ነዋ!

መዛል የሚባል ነገር እንዳለ፣ ሰውን «አዝለው» ማለት ጉልበቱን አልፈስፍሰው ማለትም እንደሚሆን የገባኝ ስድስተኛ ክፍል ገብቼ ነው። ወና፣ ሰው የጠፋበት ቤት መሆኑንም ያወቅሁት እዚያው ግድም ነው። የክርክሩን ነገርማ ከዚያም በኋላ ነው የሰማሁት። አባቴ ቅንጭቡ ክንድ ተኩል ወደ እኛ ተገፍቷል ብሎ ጋሽ ገላውን ከሰሰ። ወረዳ ላይ ተረታ። ደብረ ማርቆስ ድረስ ይግባኝ አለ፤ እዚያም ተረታ። የሰው ጉዳይ ሁሉ የሚቀናው ብዕር የገዛ ጉዳዩን ማሸነፍ አቃተው። ይባስ ብሎ ጋሽ ገላው መልሳቸውን ያጻፉት ከአባቴ ዳስ አጠገብ ከተቀመጠው ከተፎካካሪው ዘንድ ነው። ከደብረ ማርቆስ በላይ የቀረው አንድ ችሎት ብቻ ስለነበር፣ አባቴ መዝገቡን ወደዚያ አሻገረው።

እናቴ በጸሎቱ ሰዓት ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላው ትቆማለች። «አሜን» የሚባልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሳል ይይዛታል። በየቀኑ፣ እዚያው ቦታ ላይ። ከዚያ አባቴ ወደ ሥራው ሲሄድ በቅንጭቡ ሥር ባለች ቀዳዳ ለጋሽ ገላው ሚስት ለእትዬ በዛብሽ ትኩስ ዳቦ ወይም አንድ እፍኝ በርበሬ ስታሳልፍ አያታለሁ። ከአባቴ ሰርቃ የምትሰጥ ይመስለኝ ነበር። አሜን የማትል፣ የምትሰርቅ እናት! ሃይማኖት የላትም ብዬ በሆዴ አዝንላት ነበር።

አንድ ቀን እግዚአብሔር መልስ የሚቀበላቸው ሰው ምን እንደሚመስሉ በቅርብ ልይ ብዬ በዚያችው ቀዳዳ አንገቴን አሾለክሁ። ጋሽ ገላው ግቢያቸው ውስጥ ሳንቃ ይልጋሉ። ጢማቸው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተሰክቷል።

«ጋሼ፣» አልኋቸው፣ «እግዚአብሔር የሚተኛው መቼ ነው?»

መላጊያውን አቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አይተኛም። አባትሽ ገና ጎህ ሳይቀድ እየቀሰቀሰው እንዴት አድርጎ ይተኛል?»

«የአባባ ጸሎት እዚህ ድረስ ይሰማል?»

«ኧረ ጥርት ብሎ! እኔ ቤት መሰማቱንስ አውቃለሁ፤ የተላከለት ዘንድ መድረሱን ነው የማላውቀው።»

ወዲያው መለሱልኝ እኮ! ተደስቼ ተመለስሁ። እውነትም መልስ ሰጪ ናቸው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የደብሩ ጣራ ቆርቆሮው ተገንጥሎ ስለነበር ጋሽ ገላው በነጻ እጠግነዋለሁ ብለው ወጡ። አባቴ ጋሽ ገላው ቅዳሴ አያስቀድሱም፣ ከቅጥሩ ውጪ ተሳልመው ነው የሚሄዱ እያለ ያማቸው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ጉልላቱ ሥር ሚስማር ሲመታ እግሩ የከዳው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰው ግር ብሎ ደረስሁ። እትዬ በዛብሽ ነጠላቸውን ጥለው ይጮኻሉ። ሽታሁን የሚባል የእህል ተራ ተሸካሚ ጎረምሳ ጋሽ ገላውን ከመሬት አንሥቶ በጀርባው አደረጋቸውና ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ። አንድ እግራቸው ወደማይሆን በኩል ዞሮ ይወዛወዛል። እኔ ግን እግሩን አላየሁም። ያየሁት፣ ከወጡበት መውረዳቸውንና መታዘላቸውን ነው። ሁለቱም፣ በተራቸው!

በሩጫ ወደ አባቴ ዳስ ሄድሁ። ዙሪያውን ባለጉዳይ ተኮልኩሎበታል። ከመድረሴ በፊት ጮኽሁ፦

«አባባ! ጸሎትህ ደረሰ! ጋሽ ገላውን ከጣራ አወረዳቸው! ሽታሁን አዝሎ ወሰዳቸው! ወናው ብቻ ነው የቀረህ!»

የአባቴ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቀጥ አለ። ቀለሙ እየሰፋ እየሰፋ አንድ ቃል በላ። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ገበሬ አማተቡና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ደስታው በዝቶበት ነው ብዬ ነበር።

ከዚያን ቀን በኋላ ሰው የሚሸሸው መስሎት ነበር መሰለኝ፣ ፈርቶ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ወደ ዳሱ ሲሄድ ባለጉዳዩ በእጥፍ ጨምሮ ጠበቀው። «የአስናቀው ማመልከቻ ይደርሳል» ተብሏል ለካ። ከግንደወይን የመጡ አንዲት ሴትዮ ለሰው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ላይ እንዲጽፍላቸው ለምነውታል አሉ።

ጸሎቱን ግን ተወ። ማለዳ ተነሥቶ ይቆማል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። የጋሽ ገላው ስም የለም። ሰውዬው እግራቸው ተሰብሮ ተኝተው፣ ከምንጊዜውም የበለጠ ጸሎት በሚያስፈልጋቸው ሰዓት፣ አባቴ ረሳቸው። በጣም አዘንሁበት። ወዲያውም ሥራውን እኔ ልረከብ ወሰንሁ።

አባቴ ለኪዳን፣ እናቴ ለውኃ ሲወጡ ጠብቄ የእናቴን ነጠላ አደገደግሁ። እንዲሰማቸው ብዬ ከቀዳዳዋ አጠገብ ቆምሁ። እጄን አባቴ እንደሚያደርገው ዘረጋሁና፣ ከእሱ በልጦ በሚሰማ ድምፅ «ይግባኝ ባይ፣ ባሪያህ ትርሲት!» ብዬ ጀመርሁ። ወናውን ሦስት ጊዜ ደገምሁት፤ የቀራቸው እሱ ነበርና። ሦስት ማለዳ እንዲህ ጸለይሁላቸው። በአራተኛው ቀን ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ በዛብሽ ልቅሶ ተሰማ። የምስጋና ልቅሶ መስሎኝ ድምፄን ጨመርሁ።

እትዬ በዛብሽ በዚያው እግራቸው ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ሣህለ ማርያም ሄዱ። አባም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴን፣ እናቴንና እኔን አስከትለው ጋሽ ገላው ቤት ይዘውን ገቡ።

ጋሽ ገላው እራሳቸው በሠሩት አልጋ ላይ፣ እግራቸው በሰንበሌጥና በጨርቅ ተጠፍሮ፣ ጋደም ብለዋል። ቤቱ የቅባትና የእንጨት ሽታ ይሸታል። ማንም አልተቀመጠም።

«አስናቀው፣» አሉ እትዬ በዛብሽ፣ «እኛን መርገምህን መርገምህ ነው፤ ለምደነዋል። ይችን እንቡጥ ምን አድርጋህ ነው ያስተማርሃት?»

«ልጅ አይደለች?» አለ አባቴ። «ከመንገድ ሰምታ ይሆናል። ከእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም።»

ይህን ሲል አንጀቴ ተቃጠለ። የደከመበትን ጸሎት ለመንገድ ሲሰጠው!

«ኧረ አባባ ነው!» አልሁ። «ዓመት ሙሉ ሲጸልይላቸው! እግራቸውን ካመማቸው ወዲህ ነው የተወው፤ እኔ ነኝ የቀጠልሁለት!»

አባ ሣህለ ማርያም ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እስቲ በዪው ልጄ፣» አሉ።

አልሁት። ከ«ይግባኝ ባይ» እስከ «አሜን»፣ አንድ ቃል ሳልዘል፣ በአባቴ እጅ አወራወር፣ በአባቴ ጉሮሮ አጠራረግ። አባቴ የቤቱን ወለል ያጠናል። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ስታስል ግን አልሰማሁም።

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ገላው ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ አዝለው ማለት ምን ማለት ነው?»

«እግዚአብሔር በጀርባው ይሸከምዎት ማለት ነዋ።»

«ከወጣበት አውርደውስ?»

«ጣራ ላይ ሲወጡ እንዳይወድቁ። እሱ ትንሽ ተበላሽቷል።»

«ወናስ?»

«ከቆርቆሮ የሚበልጥ ክዳን።»

ጋሽ ገላው ሳቁ። ሳቁ ጎናቸውን ወጋቸውና በሁለት እጃቸው ደግፈው እያቃሰቱ ሳቁ። እትዬ በዛብሽ እንኳ ሳይወዱ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ጋሽ ገላው እንባቸውን ጠርገው አባቴን አዩት፤ አሁን አይስቁም።

«ይሄ ታዲያ ምን ክፋት አለው?» አሉ። «አሜን ነዋ። አንተም አሜን በል እንጂ አስናቀው።»

አባቴ አለ። ድምፁ ዝቅ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ግን ከሁላችን በላይ፣ ጥርት አድርጋ አለች፤ እኔም ጸሎቴ ለእናቴም ተረፈላት፣ ሃይማኖት ያዘች ብዬ ደስ አለኝ።

ጋሽ ገላው ከአራት ወር በኋላ በምርኩዝ ተነሡ፤ ምርኩዙ እስከ ዛሬ ከእጃቸው አልወጣም። በቢቸና የተወራው ግን ሌላ ነው። ባላንጣው ቤት ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ በራስጌው ቆሞ ጸልዮ ያስነሣው አስናቀው ተባለ። የመጀመሪያው ተራኪ እራሱ አባቴ ነበር። በየማኅበሩ ጽዋ ላይ ሲያወራው ታሪኩ እየወፈረ ሄደ፤ በሁለት ዓመቱ እኔ ከውስጡ ወጣሁ፣ በአራት ዓመቱ አባ ሣህለ ማርያም ወጡ። በዚያው ዝና የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ። የማለዳው ጸሎትም በድምፅ ተመለሰ፤ መልስ ሰጪው ብቻ ተቀየረ። አሁን የሚጠራው ያን የአጠገቡን ዳስ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። እኔም ቅናቴን ወደዚያ ሰውዬ አዞርሁ።

እንዲህ ያለውን ነገር ከእነ ሥሩ ነቅዬ የጣልሁት ይመስለኝ ነበር። ሞጣ ላይ አስተማሪ ሆንሁ፤ አገባሁ፤ ሥርጉትን ወለድሁ። ስጸልይ ድምፄን ከፍ አላደርግም። ማንንም አልረግምም። ባለፈው ዓመት፣ 2010 መሆኑ ነው፣ ሥርጉት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ጫማዬን እየጠረግሁ ሳለ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እማዬ፣ ሄለን ዓይኗ አያይም እንዴ?»

«የትኛዋ ሄለን?»

«አስተማሪዋ ናታ። ሁልጊዜ ስትጸልዪ 'ጌታዬ፣ ሄለንን አንተው አሳያት' ትዪ የለ?»

ብሩሹን አስቀመጥሁ። ሄለን ለእኔ ይገባል ያልሁትን የምክትል ርእሰ መምህርነት ቦታ ያገኘች ባልደረባዬ ናት። አሳያት ማለቴን እንኳ አላውቀውም ነበር፤ ከአባቴ በልጬ የተገኘሁት በድምፁ ማነስ ብቻ ኖሯል።

በዚያ ቅዳሜ ሥርጉትን ይዤ ቢቸና ወረድሁ። አባቴ ቤት ከመግባቴ በፊት ጋሽ ገላው ዘንድ ጎራ አልሁ። አርጅተዋል። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሥርጉት እጄን ይዛ ትሰማለች።

«ጋሼ፣» አልኋቸው፣ «ያኔ ጸሎቱ ገብቶዎት ነበር?»

«ቃል በቃል! ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬ?»

«ታዲያ አባቴን እንዴት አድርገው ይቅር አሉት?»

«ማን ይቅር አለው?» አሉ፣ ምርኩዛቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ አንዱ እያዛወሩ። «እኔ አሜን ነው ያልሁት፤ እሱም ላንቺ ጸሎት ነው። ልጅ ለሰው ደግ ተመኝታ ስታበቃ ምን ይባላል? የአባትሽን ይቅርታ ግን እስኪያመጣልኝ ሃያ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ። አልመጣም። ሰው ፊት ትከሻዬን አቅፎ ያንኑ ተረቱን ያወራል፤ እሱ ጸላይ፣ እኔ ተፈዋሽ። እኔም ዝም እላለሁ። በቃ፣ እንዲህ ነው የምንኖረው።»

«አይከብድዎትም?»

«ይከብዳል እንጂ! ግን እኔ ሄጄ 'ይቅር በለኝ' በለኝ ልበለው?»

ከዚያ ወጥቼ አባቴን ስለ ጋሽ ገላው ጠየቅሁት። ከመጽሐፉ ላይ ቀና ሳይል «ገላው? በእኔ ጸሎት አይደለም የቆመ?» አለኝ። እናቴን ከጓዳ ሳል ያዛት።

እሑድ ከሰዓት ወደ ሞጣ ስንመለስ ሥርጉት ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ «አሳያት» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እውነቱን ነገርኋት። ግንደወይን ላይ ሰው ሲወርድ ወደ እኔ ዞር አለች።

«አባባ አስናቀው ለምን ይቅርታ አይጠይቁም? ቤታቸው እኮ አጥር ለአጥር ነው።»

«ይከብደዋል።»

«የሄለንስ ቤት ሩቅ ነው?»

ሄለን ከእኛ ሦስት በር አልፋ ነው የምትኖር። «ሩቅ እንኳ አይደለም፣» አልሁ።

«እንሂዳ ስንደርስ።»

«ስንደርስ ይመሻል።»

«ነገስ?»

«ነገ ሥራ አለኝ፣ የኔ እናት።»

«እሷም እዚያው አይደለች የምትሠራ?»

ሰኞ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ለብሳ፣ ደብተሯን አንግታ በር ላይ ቆማ ነበር። ሌላ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር ሮጣ የምትሄደው ልጅ ያን ቀን እጄን ይዛ፣ የተማሪውን ሰልፍ አልፋ፣ እስከ መምህራን ክፍል ድረስ አደረሰችኝ። ሄለን ብቻዋን ተቀምጣ ደብተር ታርማለች። ቀና ብላ አየችን።

«ትርሲት፣ በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው፣» አልሁ። ከዚያ ቆምሁ። «አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።»

«ምን አጠፋሁ?» አለች እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፤ ፊቷ ተቀያየረ። እንደምፈራት እንጂ እንደምትፈራኝ አስቤው አላውቅም።

«አንቺ ምንም። እኔ ነኝ እንጂ...» ብዬ እንደገና ቆምሁ።

ሥርጉት እጄን ጎተተችኝ።

«ይቅርታ በያትና ጨርሺ እንጂ እማዬ፣» አለች፤ «ይደወላል እኮ!»